ትራክተር ስለከበደ አሸዋ አይውጠውም ያለው ማነው?

"ጀልባ ከአሸዋ ላይ ወደ ባህር ለማስገባት ከባድ፣ የጎማው ጥርስ ትልቅ የሆነ ትራክተር ይግዛ፣ ጎማውንም ውጥር አድርጎ ይንፋው" ያልከው ወንድሜ፣ አቦ ይሄ ስህተት ነው፣ ጅቡቲ ያለው የአክስትህ ልጅ ሰምቶህ ብሩን እንዳያጠፋ ብዬ ነው የምጽፈው።

ደረቅ አሸዋ ላይ የሚያሰምጠው ክብደቱ ጠባብ ቦታ ላይ ማረፉ ነው። እዚሁ ድሬዳዋ፣ ደቻቱ የሚባለው አሸዋማ ወንዝ ውስጥ አሸዋ ልንጭን ገብተን አይቼዋለሁ፣ የተወጠረ ጎማ እንደ ቢላ ነው የሚገባው፣ ጥርሱ ደግሞ ነዳጅ በረገጥክ ቁጥር አሸዋውን ወደ ኋላ እየዛቀ ራሱ ጉድጓድ ይቆፍራል፣ ግማሽ ቀን በአካፋ ስንታገል ቆይተን የወጣነው ንፋሱን ቀንሰን ጎማው ተንጠፍጥፎ ሲተኛ ነው።

ስለዚህ ሰፊ ጎማ ያለው ፎር ባይ ፎር (አራቱም ጎማ የሚነዳ) ትራክተር ይፈልግ፣ ንፋሱንም ለአስፋልት ከሚነፋው ዝቅ ያድርገው፣ ግን ጎማው ላይ ከተፈቀደው በታች ከወረደ ከቸርኬው ይወልቃል።

ሌላው ጨው ነው። አንድ ሊትር የባህር ውሃ 35 ግራም ገደማ ጨው አለው፣ ኩሽኔታና (ጎማው የሚሽከረከርበትን) ፍሬን ይበላል። ጀልባውን በሚሸከመው ተሳቢና በትራክተሩ መሀል ረጅም የብረት መጎተቻ ያስገባ፣ ትራክተሩ ደረቅ ላይ ይቀራል፣ ውሃ የነካውን ደግሞ በዛው ቀን በንጹህ ውሃ አጥቦ ግሪስ ይጨምርበት።