የምንከፍለው በጥር፣ የሚያፈሰው በሚያዝያ

ባለፈው ጥር የእናቴን ቤት ጣራ አስቀየርን። ቤቱ ድሬዳዋ፣ ገንደ ቆሬ ነው፤ የድሮው ቆርቆሮ ዝገቱ በእጅ ይረግፍ ነበር። የሰፈራችን ደላላ አንድ ሠራተኛ አመጣልን፤ የእጅ ዋጋ በቁርጥ 12,000 ብር ተስማማን። ቆርቆሮውን፣ ሞራሌውንና ሚስማሩን የገዛነው እኛ ነን። 8,000 ብር ቀብድ በቴሌብር ላክሁለት። በአምስተኛው ቀን ጨርሶ ወረደ። አዲሱ ቆርቆሮ በድሬ ፀሐይ ዓይን ይወጋል፤ እናቴ ቡና አፍልታ፣ መርቃ፣ ቀሪውን 4,000 ብር በእጁ ቆጠረችለት። «ማዘር፣ አንድ ጠብታ ከገባ እኔን ይጥሩኝ፤ ወላሂ በነጻ ነው የምሠራው» ብሎ ሄደ።

በሚያዝያ ዘነበ። ሦስት ቦታ ገባ፤ አንዱ እናቴ አልጋ ላይ ነው። ለሠራተኛው ስንደውል የመለሰችልን ያቺ ሁላችንም የምናውቃት ሴትዮ ናት፤ የደወልነው ደንበኛ ጥሪ እንደማይቀበል ነገረችን።

ሌላ ሠራተኛ አስወጣን። ወጥቶ ብዙም አልቆየ፤ ከላይ ሆኖ መሳቅ ጀመረ። ሚስማሩ የተመታው ጉብታው ላይ ሳይሆን ውኃው በሚወርድበት ቦይ ላይ ነው። ሞራሌውን ስቶ የተነቀለ ሚስማር ቀዳዳው እንዳለ ተትቷል። ቆርቆሮና ቆርቆሮ የሚደራረቡት በአንድ ሞገድ ብቻ ነው፤ እሱም አንዳንዱ ጋ ብቻ። ድሬ ላይ ደግሞ ቆርቆሮ ቀን በሙቀት ይለጠጣል፣ ሌሊት ይሰበሰባል፤ በደንብ ያልያዘ ሚስማር በዚያ መሀል ይላላል። የጥር ሰማይ ግን ይህን ሁሉ ይደብቃል። ከጥቅምት እስከ የካቲት በዚህ ከተማ ጣራ ማስጠገን ማለት ያለ ፈታኝ ፈተና መስጠት ነው። ፈታኙ የሚመጣው ደመወዙ ተከፍሎ ካለቀ በኋላ ነው።

«ገንዘባችንን ይመልስ» ስል ቤተሰቡ በሙሉ ፊቱን አጠቆረብኝ። «ተዪው አቦ፣ ከድሃ ጋር ምን ያጣላሻል?» አለ ታላቅ ወንድሜ። ጎረቤቶችም የየራሳቸውን አወሩ፤ የአንዷ ሊሾ በዓመቱ ተፈረካክሷል፣ የሌላዋ መታጠቢያ ቤት ሴራሚክ ሲረግጡት እንደ ከበሮ ይጮኻል። አንዳቸውም ሠራተኛውን አልጠየቁም። ሁሉም ሌላ ሠራተኛ ጠርተው ሁለተኛ ከፍለዋል። እኔ የምለው ይሄ ደግነት አይደለም። ይሉኝታ ነው፤ ዋጋውን የሚከፍለው ደግሞ ጉብታው ላይ የሚመታው ጥሩ ሠራተኛ ነው። ያበላሸውም ያሳመረውም እኩል የሚከፈለው ከሆነ፣ ሰዓት ወስዶ ማሳመር ለእሱ ምን ይጠቅመዋል?

ሕጉ ከይሉኝታችን ይሻላል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ውል በቃልም ይጸናል ይላል፤ በጽሑፍ ይሁን ተብሎ በሕግ ያልታዘዘ ከሆነ ማለት ነው። ስለዚህ «ወረቀት የለኝም» ብሎ እጅ መስጠት አያስፈልግም። ግን ወደ መካሰስ ከመሄድ በፊት አንድ ደረጃ አለ፤ ብዙ ሰው የሚዘለው ይህን ነው። አንቀጽ 1772 ግዴታውን ላልፈጸመው ሰው መጀመሪያ ማስጠንቀቂያ እንዲሰጠው ይጠይቃል። በእኛ ቋንቋ፦ መጥተህ አስተካክል፣ ይህን ያህል ቀን ሰጥቼሃለሁ። እኔ ይህን በአጭር መልእክት ጻፍሁለት፤ አሥር ቀን ሰጠሁት፣ የፈሰሰባቸውን ቦታዎች ፎቶም ላክሁ። ስልኩ ቢዘጋም መልእክቱ ስልኬ ላይ ቀረ። የቴሌብሩ የ8,000 ብር መልእክትም ነበር። እናቴ በእጁ የቆጠረችለት 4,000 ብር ግን ከቡናው ስኒ ሌላ ምስክር አልነበረውም።

ፍርድ ቤት አልሄድንም። ሄደን ቢሆን ለ12,000 ብር ስንት ቀን ሥራ እንደምንቀር አስቡት። እውነቱን ለመናገር መፍትሔው የመጣው ከደላላው ነው። ደላላ በሰፈር ውስጥ ስም አለው፤ ሠራተኛው ስልክ ሊያጠፋ ይችላል፣ ደላላው ግን ነገም እዚያው ማዕዘን ላይ ይቆማል። «ያመጣኸው አንተ ነህ» ስንለው ሰውየውን ሳቢያን አካባቢ ሌላ ቤት ሲሠራ አገኘው። ሁለት የሰፈር ሽማግሌዎች ተቀመጡ።

እዚያ ላይ የጠበቅሁት አልሆነም። ሰውየው አልካደም፤ ቦዩ ላይ መምታቱን አመነ፣ ረዳቱ ነው አለ። ከዚያ ግን ወደ ወንድሜ ዞሮ፣ «ሚስማሩን ማን ገዛው?» ብሎ ጠየቀ። ወንድሜ ዝም አለ። ጎማ የሌለው ርካሽ ሚስማር የገዛው እሱ ነው፤ እኔ በዚያች ደቂቃ ነው የሰማሁት። ሽማግሌው ወደኔ ዞረው፣ «ልጄ፣ እጁ ጥፋት አለበት፤ ዕቃችሁም ጥፋት አለበት» አሉ። ሙሉውን 12,000 ብር ልጠይቅ የመጣሁት ሰው 7,000 ብር ተፈረደልኝ። 3,000 ብር ወዲያው ከፈለ፣ 3,000 ብር ከሁለት ሳምንት በኋላ መጣ። የመጨረሻዋ 1,000 ብር እስካሁን መንገድ ላይ ናት።

ተናድጄ ነበር፤ አሁን ግን ፍርዱ ትክክል ይመስለኛል። የእጅ ዋጋ ሌላ ነው፣ የዕቃ ጉድለት ሌላ ነው። ሠራተኛውን ልንጠይቀው የሚገባው በእጁ ያበላሸውን፣ ባበላሸው ምክንያትም የተቀዳደደውን ቆርቆሮ ነው። እኛ ከመርካቶ እስከ አሸዋ ገበያ ዋጋ አወዳድረን የመጨረሻ ርካሹን ገዝተን፣ ለደላላ ኮሚሽን ከፍለን፣ ሠራተኛውን ደግሞ በተከራከርንበት ዋጋ አስገብተን ሲያበቃ ጥፋቱን ሁሉ ለእሱ መስጠት አይሆንም።

ይሁን እንጂ ከሁሉም በላይ የማልረሳው ሌላ ነገር ነው፦ የተመለሰው ገንዘብ የተገኘው በልመና፣ በደላላ ጫና፣ በሁለት ሽማግሌ ጊዜ ነው። ገንዘቡ ከእጃችን ባይወጣ ኖሮ ይህ ሁሉ አያስፈልግም ነበር። ትልልቁ ግንባታ ይህን ከጥንት ያውቀዋል። መንግሥት ሕንፃ ሲያስገነባ መጀመሪያ ጊዜያዊ ርክክብ ያደርጋል፤ ከክፍያው ጥቂቱን፣ አብዛኛውን ጊዜ 5 በመቶ፣ ይዞ ይቆያል፤ የመጨረሻው ርክክብ የሚሆነው ጉድለት መኖር አለመኖሩ ከታየ በኋላ ነው። ለመቶ ሚሊዮን ብር ሕንፃ የሚሠራ ብልሃት ለገንደ ቆሬ ጣራ የማይሠራበት ምክንያት አይታየኝም።

ሠራተኞች «እስከ ክረምት ማን ይጠብቃል? ልጆቼ ዛሬ ነው የሚበሉት» ይላሉ። እውነታቸውን ነው፤ ግማሹን ይያዝልኝ የሚል ባለቤት ካለ እኔም አልደግፈውም። የሚያዘው ትንሽ ይሁን፣ ቀኑም የተቆረጠ ይሁን። በክረምት ከደቻቱ ወንዝ ማዶ ያሉ ሰዎች ሌሊቱን እያዳመጡ ነው የሚያድሩት፤ የ1998ቱ የሐምሌ መጨረሻ ጎርፍ ከ200 በላይ ሰው ከወሰደ ወዲህ በዚህ ከተማ ዝናብን ማንም ቸል አይለውም። እኛም ስለ ጣራችን ስንዋዋል የዝናቡን ወር ውሉ ውስጥ ብናስገባው የሚገርም ነገር የለውም።

ጣራውን ለሁለተኛ ጊዜ ያስጠገንነው በግንቦት ነው፤ ያ ከላይ ሆኖ የሳቀው ሠራተኛ ሠራው። የእጅ ዋጋው 9,000 ብር፣ ሚስማሩ ባለ ጎማ። 8,000 ብሩን ሲጨርስ ሰጠሁት፤ 1,000 ብሩን እስከ ነሐሴ 15 እይዛለሁ አልሁት። «ዝናቡ ካልመጣስ?» አለኝ። «ካልመጣም በ15 ትወስዳለህ» አልሁት፤ በአንድ ገጽ ወረቀት ላይ ጻፍን፣ ደላላው ፈረመ።

ሐምሌ ውስጥ አንድ ሌሊት ሰማይ ተቀደደ። እናቴ ባልዲውን ከአልጋዋ ሥር አውጥታ ተቀመጠች። ከሌሊቱ አምስት ሰዓት ላይ ስልኬ ጮኸ፤ ሠራተኛው ነው። ሰላምታም አላለ፤ «ገባ?» ብቻ አለኝ። ባትሪ አብርቼ ኮርኒሱን በሙሉ አየሁት።

«አልገባም» አልሁት። ብሩን በዚያው ሌሊት ላክሁለት።