ፌራሪ ገዛ ተብዬ ደሴ ገባሁ

ጥፋቱ የእኔ ነው። ዋሽንግተን ውስጥ በመኪና ማቆሚያ ሥራ አሥራ አራተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። ይህ ሥራ በዚያች ከተማ ምን ያህል የሐበሻ እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ከምድር በታች ሦስት ፎቅ ወርደህም "እንዴት አደርክ" የሚልህ ሰው አታጣም። አንድ ጠዋት ከቋሚ ደንበኞቻችን አንዱ በቀይ ፌራሪ መጣ። መኪናው ያገለገለ ነው፤ ቀድሞ የአንድ ስመ ጥር የቅርጫት ኳስ ተጫዋች ነበር። ይህንን የነገረኝ ቁልፉን ከማቀበሉ በፊት ነው።

ተጫዋቹ ከሁለት ሜትር በላይ ይረዝማል፤ ገዢው ትከሻዬ ድረስ ቢመጣ ነው። ወንበሩ እስከ መጨረሻው ወደ ኋላ እንደተሳበ ስለቀረ፣ ሰውየው ፍሬኑ ላይ የሚደርሰው ከጀርባው ሁለት ትራስ ደርድሮ ነው። አንዲት ቁልፍ ቢጫን ወንበሩ ወደ ፊት ይመጣለት ነበር። "ወንበሩን እንዳትነካው፤ እሱ እንደተወው ነው" አለኝ። ከዚያ ትራሶቹን በብብቱ ሸጉጦ ወደ ሊፍቱ ሄደ።

እኔ የነዳሁት 40 ሜትር ቢሆን ነው። አቁሜ፣ በሩን ደገፍ ብዬ ፎቶ ተነሣሁና ደሴ ላለው ወንድሜ ላክሁለት። ከሥሩ አንድ ቃል አልጻፍኩም። ዝምታም ውሸት እንደሚሆን የገባኝ፣ በሦስተኛው ሳምንት አንድ የሩቅ ዘመድ ደውሎ "እንኳን ደስ ያለህ" ካለኝ በኋላ የቤት ክዳን ቆርቆሮ መግዣ ሲጠይቀኝ ነው።

ከዚያ ወዲህ የእነዚህን መኪኖች ዋጋ መከታተል ልማድ ሆነብኝ፤ የሌሊት ፈረቃ ረጅም ነው። የተዋናዩ የስቲቭ ማክዊን የነበረች የ1967 ሥሪት ፌራሪ እ.ኤ.አ. በ2014 ካሊፎርኒያ፣ ሞንተሬይ ላይ በ10.175 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠች። ዘፋኟ ጃኒስ ጆፕሊን በ1968 ያገለገለች ፖርሽ በ3,500 ዶላር ገዝታ፣ አብሯት የሚሠራ ሰው ከላይ እስከ ታች በሥዕል አስጊጦላት ነበር፤ ያቺው መኪና በ2015 መጨረሻ 1.76 ሚሊዮን ዶላር አወጣች። ለእኔ ግን ከሁሉም የምትገርመኝ አንዲት ትንሽ ፊያት ናት። የካቶሊኩ ሊቀ ጳጳስ ፍራንሲስ በ2015 አሜሪካን ሲጎበኙ በፊያት 500 ኤል ነበር የሚዘዋወሩት። የሰውየው ነገር ይህ ነው፤ ከጥይት መከላከያ ጥቁር መኪኖች መካከል አንዲት ሚጢጢ ፊያት! በማግስቱ ዓመት ፊላዴልፊያ ላይ ለበጎ አድራጎት ስትሸጥ 82 ሺህ ዶላር አወጣች። አዲሷ ግን ያኔ የምትገዛው በሃያዎቹ ሺህ ነበር። ቅንጦትን የናቀ ሰው የተቀመጠባት መኪና የቅንጦት ዋጋ አወጣች ማለት ነው።

የሚሸጠው እንግዲህ ሞተሩ አይደለም፤ ስሙ ነው። ስሙም ቢሆን በወሬ አይሸጥም። የሻንሲ ቁጥሩ፣ ዝነኛው የተመዘገበበት የድሮ የባለቤትነት ወረቀት፣ ከመኪናው ጋር የተነሣው ፎቶ ካልቀረቡ ሻጩ ቢምል ቢገዘት መኪናው ያው አሮጌ መኪና ነው። በዚህ ፈረንጆቹን አደንቃቸዋለሁ። በእኛ ደላላ አፍ ዶክተር ያልነዳው መኪና የለም። "የዶክተር እጅ ነው፣ ሞተሩ አልተከፈተም፣ ቀለሙ አልተነካም" ይልሃል፤ ሊብሬውን ስትገልጥ ከሦስት ሰው በውክልና ሲንከባለል የመጣ ሆኖ ታገኘዋለህ።

የእኛ ሕግ ደግሞ ለዝና ደንታ የለውም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ያገለገለ መኪና ላይ የሚጥለው ታክስ ዕድሜው በገፋ ቁጥር እየከበደ ይሄዳል። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ማስገባት ተከለከለ። የማክዊን ፌራሪ ጉምሩክ በር ላይ ብትቆም የምትጠየቀው ዕድሜዋንና የምትጠጣውን ነው፤ ማን ነዳሽ የሚላት የለም። ባለ ታሪክ መኪና አጥተን ግን አይደለም። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከቤተ መንግሥት የወጡት በቮልስዋገን ነው። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ እ.ኤ.አ. በ1993 ሽቱትጋርት ላይ በ10,000 ሜትር ሲያሸንፍ ለአሸናፊዎች የተሰጠው ሽልማት መርሴዲስ ነበር። ያቺ ቮልስዋገን ለጨረታ ብትወጣ ሰዉ ከዋጋው በፊት በታሪኩ የሚጣላ ይመስለኛል።

በዚህ ሁሉ ዕውቀት ተሞልቼ ኮምቦልቻ አውሮፕላን ማረፊያ ወረድኩ። ወንድሜ ሊቀበለኝ የመጣው በነጭ ኮሮላ ዲኤክስ ነው። የገዛት ደሴ ውስጥ ከሚታወቁ አንድ ሐጂ ነው። በዚያ ሰሞን አንዲት ተመሳሳይ ዲኤክስ ከአዲስ አበባ መጥታ ነበር፤ እሱ ግን 30 ሺህ ብር ጨምሮ የሐጂን መረጠ። ሐጂ ዳገት ላይ ፍሪሲዮን አያቃጥሉም፣ ዘይት ቀኑን ሳያሳልፉ ይቀይራሉ፣ ከመግሪብ በኋላ አይነዱም። ከተማው ሁሉ የሚያውቀው ነው፤ ወረቀት አላስፈለገውም። ሊብሬው ወደ ወንድሜ ስም ከዞረ ስድስት ዓመት አልፎታል። መኪናዋ ግን ዛሬም "የሐጂ መኪና" ናት።

ፊት ወንበር ላይ ስቀመጥ ጉልበቴ ዳሽቦርዱን ነካ። ወንበሩን ወደ ኋላ ልገፋ እጄን ስሰድ ወንድሜ ጮኸ።

"አትንካው!"

ደነገጥኩ። "ሐጂ እንደተዉት ነው?"

"ኧረ ሐዲዱ ተሰብሯል፤ አንዴ ከተንሸራተተ ተመልሶ አይቆልፍም።"

መስታወቱ ላይ የሐጂ መቁጠሪያ ተንጠልጥሏል። ወንድሜ በዓመት አንድ ጊዜ ግሸን የሚወጣ ክርስቲያን ነው። አንድ ጊዜ አውልቆት ነበር፤ በዚያው ቀን ፒያሳ እስኪደርስ አምስት ሰው አስቁሞ "ሐጂ ሞቱ እንዴ?" አለው። መልሶ ሰቀለው። ሐጂ በሕይወት አሉ፤ አዲስ አበባ ልጆቻቸው ዘንድ ናቸው።

ከኮምቦልቻ ደሴ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከ600 ሜትር በላይ ወደ ሰማይ ትወጣለህ። ዶሮ መዝለያ ሳንደርስ አንድ ተማሪና ማዳበሪያ ሙሉ ሽንኩርት የያዘ ሽማግሌ እጃቸውን አነሡ። አነሣሣቸው እንደ ለማኝ አይደለም፤ የራሱን መኪና እንደሚጠራ ሰው ነው። ሐጂ ወደ ደሴ ሲመለሱ ባዶ ወንበር ይዘው አልፈው አያውቁም ነበርና መንገዱ ዲኤክሷን እንደዚያ ለምዷታል። ወንድሜ እያጉረመረመ አቆመ።

"30 ሺህ የጨመርኩት ለሞተሩ ነበር፤ ሰዉ ግን አብሮ ተሸጠልኝ" አለ። ማጉረምረሙ የምር ነው፤ ቤንዚን ስንት እንደገባ እኔም ማደያው ላይ አይቻለሁ። አንድ ቀን ባያቆም ግን ሰዉ ምን እንደሚል ያውቃል፤ "የሐጂ መኪና እንኳ ተበላሸች" ነው የሚባለው።

ስለ ፎቶውም እዚያው ተናዘዝኩ። ሳቀብኝ። "የሥራ ልብስህን እኮ ለብሰህ ነው የተነሣኸው፤ ያን ቀን ነው ያወቅሁት።" ታዲያ ለሰው ለምን አላስተባበልክም ብዬ ስጠይቀው "ባለ ፌራሪ ወንድም ያለው ሰው ብድር አይከለከልም" አለኝ።

ከዳገቱ አጋማሽ ላይ አንዲት እናት ዶሮዎቻቸውን አንጠልጥለው ገቡ። መጀመሪያ የሐጂን ጤና ጠየቁ፣ መረቁላቸው፤ ሦስታችንም ከኋላ ካለው ሽማግሌ ጋር አሜን አልን። ከዚያ ወንድሜ በመስታወቱ እያያቸው፣ ነገር ፈልጎ፣ "እማማ፣ ይህ ወንድሜ ነው። አሜሪካ ውስጥ የአንድ ታላቅ ሰው የነበረ ውድ መኪና የገዛው" አላቸው።

"ማሻ አላህ!" አሉና ወደ እኔ ዘንበል አሉ። "ስንት ሰው ይጭናል?"

"ሁለት" አልኳቸው።

ዝም አሉ። ከእግራቸው ሥር ያሉትን ዶሮዎች አስተካከሉ።

"ከነሹፌሩ?"

"ከነሹፌሩ።"

እጃቸውን ዘርግተው ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ። "አብሽር ልጄ" አሉኝ፤ "አላህ የተሻለውን ይሰጥሃል።"