ዝገቱን ያብዛላችሁ

ሰው ሁሉ ዝገትን ሲሸሽ በኖረበት ዓለም፣ ገንዘብ ከፍለው ዝገት የሚገዙ ጀግኖች ተነሥተዋል። የነሐስ ጠላቂ ሰዓት ባለቤቶች! እነሱን አለማመስገን ንፉግነት ነው።

ጠላቂ ሰዓት የሚባለው ባሕር ውስጥ ለሚሠራ ሰው የተበጀው ነው። ውኃ አያስገባም። ዙሪያው ላይ ያለው ቀለበት ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ይዞራል። ሳይታወቅ ቢነካ እንኳ ጠላቂውን ገና ጊዜ አለህ ብሎ እንዳይሸነግለው ነው። የነፍስ ጉዳይ እኮ ነው! የዛሬው ባለቤት በዚያ ቀለበት የፓስታ መቀቀያ ደቂቃ ይለካበታል። ይሁን፤ የላሸቀ ፓስታም ቀላል አደጋ አይደለም።

ድሮ የጠላቂዎች የራስ ቁር ከመዳብና ከነሐስ ይሠራ ነበር። ናፍቆቱ ከዚያ ይመጣል። ወሬውን ያጦዘው ፓኔራይ የሚባል ሰዓት ሠሪ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2011 ሺህ የነሐስ ሰዓት ብቻ ሠርቶ አወጣ። በ2016 ሌላው ሰዓት ሠሪ ቱዶር ተከተለ። የቱዶሩ 200 ሜትር ጥልቀት ይችላል። ለመዝናናት የሚጠልቅ ሰው ከ40 ሜትር እንዳያልፍ ይመከራል። ባለቤቱ ግን የሚያውቀው ጥልቅ ውኃ የእጅ መታጠቢያው ነው። ለዚያውም ሰዓቱን አውልቆ።

ዋናው ምሥጢር መልኩ ነው። በነሐስ ውስጥ ያለው መዳብ ከአየር፣ ከላብና ከጨው ጋር ሲውል መጀመሪያ ይጠቁራል፤ ሲቆይ አረንጓዴ ያወጣል። እኛ ቤት ይህ ቆሻሻ ይባላል። እናቴ ብታየው ሎሚና አመድ ይዛ ትነሣለች። እነሱ ግን "ፓቲና" አሉት። ስም ሲወጣለት ዋጋ ወጣለት። የአንዱ ከሌላው አይመሳሰልም፣ የባለቤቱን ሕይወት ይመዘግባል ይላሉ።

ችግሩ፣ ሕይወቱ ከቢሮ ቤት ነው። ሰዓቱ የሚመዘግበው አጣ። ታዲያ ብልሃት አይጠፋም። እንቁላል ይቀቅላሉ። ሰባብረው ከሰዓቱ ጋር ፌስታል ውስጥ ይቋጥሩታል። ከአስኳሉ የሚወጣው የድኝ ጋዝ ነሐሱን ያጠቁረዋል። እንቁላል ቀስ በቀስ በእግሩ ይሄዳል ሲባል ነበር የምናውቀው። የእነሱ እንቁላል በአንድ ሌሊት ውቅያኖስ አቋርጦ ይመለሳል።

በማግሥቱ የሥራ ባልደረባ "ይሄ ሰዓት ብዙ ነገር ያየ ይመስላል" ይላል። ባለቤቱ በመስኮት አሻግሮ ያያል። ዝም ይላል። ምን ይበል? ቁርስ አይቷል ይበል?

መልኩ ካልጣመው ደግሞ በሎሚ ያሸዋል። (ለካ የእናቴን ሎሚ ያውቁታል!) ሰዓቱ እንደ አዲስ ያበራል። ከዚያ ሌላ እንቁላል።

የአምራቾቹ ደግነትም አይረሳ። ነሐስ ቆዳን አረንጓዴ ስለሚያደርግ፣ ብዙዎቹ ክንድ የሚነካውን ጀርባ ከብረት ወይም ከቲታንየም ይሠሩታል። ባሕሩ ለተመልካች፣ ንጽሕናው ለባለቤቱ።

አንድ ነገር ብቻ ያሳስበኛል። ኦሜጋ በ2021 ነሐሱ ውስጥ 37.5 በመቶ ወርቅ ጨምሮ አረንጓዴ የማያወጣ ሰዓት ሠራ። አሁን ለዚህኛው ስንት እንቁላል ይበቃል?