ሰሙ ኢኖቬሽን፣ ወርቁ አበል

ጎጃም የቅኔ አገር ነው ሲባል የዋሸራና የዲማ ጉዳይ ብቻ የሚመስላችሁ ካላችሁ፣ የባሕር ዳርን የሆቴል አዳራሾች አላያችሁም ማለት ነው። ባለፈው አንዱ ውስጥ ገብቼ ነበር። ባነሩ ግድግዳውን ሞልቶታል፤ «በመከላከያ ቴክኖሎጂ ዘርፍ የስታርትአፖች የዕድገትና የፈጠራ ዕድሎች» ይላል። ሰሙ እሱ ነው። ወርቁን ለማግኘት ቅኔ ቤት መግባት አያስፈልግም፤ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጦ «አበሉ የሁለት ቀን ነው የሦስት?» የሚለውን ሹክሹክታ መስማት ይበቃል።

እኔ በበኩሌ ይሄን ልማዳችንን አደንቃለሁ። ጥበቡ የሚገባችሁ ሌላው ዓለም እንዴት እንደሚለፋ ስታዩ ነው። ሶቪየቶች በፈረንጅ 1957 ስፑትኒክን ሲያመጥቁ አሜሪካኖቹ ደንግጠው በዓመቱ የመከላከያ ምርምር ተቋማቸውን ዳርፓን (ያኔ አርፓ ነበር ስሙ) አቋቋሙ፤ በ1969 ኮምፒውተሮችን በመረብ አገናኙና የዛሬው ኢንተርኔት አያት ተወለደ። አሥራ ምናምን ዓመት ሙሉ ሥራ! እኛ በሁለት ቀን «የጋራ ግንዛቤ» ይዘን ተበትነናል። ዩክሬኖቹ ደግሞ በ2023 ብሬቭ ዋን የሚባል መድረክ ከፍተው ሠሪውን ከወታደሩ ጋር አገናኙት። ጥቂት መቶ ዶላር የምታወጣ ድሮን ይሠራሉ፣ ግንባር ሄዳ ትከሽፋለች፣ ወታደሩ ይወቅሳቸዋል፣ አስተካክለው እንደገና ይልካሉ። ምን አደከማቸው? እኛ ጋ አስተያየት የሚሰጠው በቅጽ ነው፤ የመጨረሻው ጥያቄም ምሳው እንዴት ነበር የሚል ነው።

አንዱ አቅራቢ ስለ «ሞት ሸለቆ» አስረዳን። ስታርትአፑ ናሙናውን ሠርቶ ጨርሶ፣ ገዢ ፈርሞ ብር እስኪለቅለት ድረስ ያለው የረሃብ ጊዜ ማለት ነው። የአሜሪካ መከላከያ ይሄን ለማሳጠር በ2015 ሲሊከን ቫሊ ድረስ ሄዶ ቢሮ ከፍቷል፤ የናቶ አገሮችም ከአንድ ቢሊዮን ዩሮ በላይ ፈንድ አዋጥተዋል። ለጎጃሜ ግን ስለ ሸለቆ ማስረዳት ምን ይባላል? ከደጀን ቁልቁል ወርዶ ጎሐ ጽዮን ዳገት ላይ ውኃው የፈላበት መኪና ያላየ ማን አለ? የኛው ሸለቆ ደግሞ ከዓባይም ይጠልቃል። የጨረታ ሰነድ አንብባችሁ ታውቃላችሁ? ትናንት የተቋቋመን ድርጅት «ተመሳሳይ ሥራ የሠራበት ማስረጃ» ይለዋል፣ የግብር ክሊራንስ ይለዋል፣ ሲፒኦ (ባንክ ያረጋገጠው የክፍያ ማዘዣ) አሲዝ ይለዋል። ሲፒኦ የሚያሲዝ ብር ካለው ምን አስጨንቆት ስታርትአፕ ይሆናል፣ ጤፍ አይነግድም?

ፓናሉ ላይ አምስት ሰው ተቀምጧል። አንድ ዕቃ የሠራ የለም። ይሄ ሐሜት እንዳይመስላችሁ፣ እጅ ሳይቆሽሽ ስለ እጅ ሥራ ሁለት ሰዓት መናገር ተሰጥኦ ነው።

የሠራው ልጅ ከቡሬ ነበር የመጣው። በሌሊት በቆሎ ማሳ የሚገባ ጃርትን በሙቀቱና በእንቅስቃሴው ለይታ የምትጮህ ሳጥን ሠርቷል። ማማ ላይ ወንጭፍ ይዞ ሲያድር ያደገ ልጅ፣ እንቅልፍ ናፍቆት የፈጠራት መሆኗ ያስታውቃል። ለገበሬው ጃርት፣ ለካምፕ ሰርጎ ገብ። ባለሙያዎቹ ጠዋቱን ሙሉ «ለሲቪልም ለወታደርም የሚሆን» እያሉ የደከሙበት ነገር እሷው ነበረች።

ሳጥኗ ግን አዳራሽ አልገባችም። ሽቦ አላት ተብላ ፍተሻ ላይ ቀረች። ስለ መከላከያ ቴክኖሎጂ የሚመክር ስብሰባ፣ የመጣችለትን አንዲት ቴክኖሎጂ በር ላይ ተከላከላት! ልጁ ባዶ እጁን አምስት ደቂቃ ተሰጠው፤ ሁለቱ ማይክ ሲፈለግ አለቁ፣ ሦስተኛው ላይ ምሳ ደርሷል ተባለ። ከምሳ በኋላ ሰርተፍኬትና የቡድን ፎቶ። ፎቶው ላይ ጥግ ላይ አለ፣ ግማሽ ፊቱ።

ማታ ዕቃውን ሊወስድ ሲሄድ አብሬው ወጣሁ። ዘበኛው ሳጥኗን ከጥበቃ ቤቱ ጀርባ አስቀምጠዋታል፣ ባትሪዋ እንዳለ።

«አንተ ልጅ፣ ይች ዕቃህ እኮ ድመት ባለፈ ቁጥር እየጮኸች አላስቀምጥ አለችኝ!»

«ይቅርታ አባባ፣ ማጥፊያዋን ልነግርዎት ረስቼ ነው።»

«የምን ማጥፊያ ነው የምታወራው? ጓሮዬን ጃርት ጨርሶታል። ስንት ነው የምትሸጣት?»

ሲፒኦ አልጠየቁትም።