ይድረስ ለክቡር ቀይ ቀስት

አድራሻ፦ የዩቲዩብ ታምኔል (የቪዲዮው የፊት ሥዕል)፣ ከአርቲስቱ ጆሮ ከፍ ብሎ
ቁጥር፦ ሰበር/ሰበር/ሰበር
ጉዳዩ፦ የሚጠቁሙት ነገር የት እንዳለ እንዲያሳዩን ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣ ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? የጠየቅነው ለወጉ ነው እንጂ ደህና መሆንዎንማ በየቀኑ እናያለን። ጠዋት ታክሲ ውስጥ ከጎናችን በተቀመጠው ሰው ስልክ ላይ ነዎት፤ ከሰዓት ጸጉር ቤት፤ ማታ ደግሞ ከእናቶቻችን መነጽር ሥር። አንድ የታወቀ ዘፋኝ አፉን ከፈት፣ ዓይኑን ጨፈን አድርጎ ይታያል። ከጀርባው ታንክ ቆሟል። ከታንኩ በላይ በቢጫ «ጉዱ ፈላ! አርቲስቱ ሁሉንም ዘረገፈው» ይላል። እርስዎ ደግሞ በዘፋኙና በታንኩ መካከል ወዳለው፣ ምንም ወደሌለበት ጥቁር ቦታ ይጠቁማሉ። እዚያ ምን እንዳለ ለማየት በሁለት ጣታችን ያላጎላንበት ጊዜ የለም። ጥቁር ነው።

ሥራዎን ንቀን እንዳይመስልዎ። አሠራሩን በቅርብ ለሚያውቅ ድካሙ ቀላል አይደለም። መጀመሪያ ዘፋኙ ስለ አዲሱ አልበሙ የሰጠው የአንድ ሰዓት ቃለ መጠይቅ ይወርዳል። በሴኮንድ 25 ምስል ቢታሰብ 90,000 ምስል መሆኑ ነው፤ ኤዲተሩ ከዚያ ሁሉ ውስጥ ሰውየው ሊያስነጥስ ሲል የተቀረጸችውን አንዷን ይመርጣል። የሳቀበት አይሆንም፤ ሳቅ አይሸጥም። ከዚያ ጀርባው ይቆረጣል፣ ፊቱ በነጭ መስመር ይከበባል፣ ኮንትራስቱ ከፍ ይደረጋል፣ ግንባሩ ላይ ወዝ ካለ ላብ እስኪመስል ድረስ ይደምቃል። ሸራው 1280 በ720 ፒክስል ነው። ጽሑፉ ከአራት ከአምስት ቃል አይዘልም፤ ስልክ ላይ የክብሪት ቀፎ በምታክል ሥዕል የሚነበበው ያን ያህል ብቻ ነውና። ቀኝ ታችኛው ጥግ ባዶውን ይተዋል፤ የደቂቃው ቁጥር ስለሚሸፍነው እዚያ የተጻፈ ሁሉ ብላሽ ነው። እርስዎ መጨረሻ ላይ ይነሰነሳሉ፣ እንደ ሚጥሚጣ። በስተመጨረሻም «ታሰረ» ወይም «አረፈ» ከሚለው ቃል ጎን አንዲት የጥያቄ ምልክት ትቀመጣለች። እሷ ጠበቃዎ ናት።

ተጭነን ስንገባ ምን እናገኛለን? ስምንት ደቂቃ ከሦስት ሴኮንድ። ስምንት መሆኗ በድንገት አይደለም። ዩቲዩብ በመሃል ማስታወቂያ ለማስገባት የሚጠይቀውን ዝቅተኛ ርዝመት በሐምሌ 2012 ዓ.ም. ከ10 ደቂቃ ወደ 8 ካወረደ ወዲህ፣ አንዲት ዐረፍተ ነገር ስምንት ደቂቃ የመሙላት ግዴታ ወድቆባታል። የመጀመሪያው ግማሽ ደቂቃ ከበሮና የምትሽከረከር ሉል ነው። ቀጥሎ «ሰብስክራይብ ያላደረጋችሁ አድርጉ፣ የደወሏን ምልክት ተጫኑ» አለ። ሁለተኛው ደቂቃ ላይ «ወደ ዝርዝሩ ከመግባታችን በፊት» ተብሎ በ10 ፐርሰንት ቅድመ ክፍያ ባለሦስት መኝታ አፓርታማ እንሸጥላችሁ ይባላል። አራተኛው ላይ ዘፋኙ የት እንደተወለደና ስንት እህትና ወንድም እንዳለው እንሰማለን። ስድስተኛው ላይ ርዕሱ ለሦስተኛ ጊዜ ይነበባል፣ ታንኩም ለሦስተኛ ጊዜ ያልፋል፤ ጠጋ ብሎ ላየው ሰሌዳው የአገራችን አይደለም። ሰባተኛው ደቂቃ ላይ ድምፁ ዝቅ ይልና «መረጃውን ከገለልተኛ ወገን ማረጋገጥ አልቻልንም» ይላል። ዘፋኙ ግን በዚያ አንድ ሰዓት ውስጥ ስለ ፖለቲካ የተናገረው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ «ለአገራችን ሰላም ያምጣልን።»

የእንጀራ ጉዳይ መሆኑ ይገባናል። ከጥር 2010 ዓ.ም. ጀምሮ በረጅም ቪዲዮ የሚሠራ አዲስ ቻናል ከማስታወቂያ ገቢ እንዲካፈል 1,000 ተከታይና በ12 ወር ውስጥ 4,000 የዕይታ ሰዓት ይጠበቅበታል። 4,000 ሰዓት 240,000 ደቂቃ ነው። አንድ ሰው በአማካይ አራት ደቂቃ ቢቆይልዎ 60,000 ጊዜ መታየት አለብዎት። «ዘፋኙ ሰላም ተመኘ» ብሎ 60,000 ሰው የሚጠራ የለም። በዚያ ላይ አስተዋዋቂ ለአሜሪካ ተመልካች የሚከፍለው ለአዲስ አበባው ከሚከፍለው በብዙ እጥፍ ስለሚበልጥ፣ ጫፍዎ ወደ ታንኩ ያመለከተ ቢመስልም ልብዎ ያለው ዋሽንግተን አጠገብ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ሰበር ዜና ሁሉ ማታ ሦስት ሰዓት ላይ የሚሰበረውም ለዚህ ይሆናል፤ ያኔ ዋሽንግተን ገና ምሳ ተበልቶ ቡና የሚፈላበት ሰዓት ነው። ሪያድና ቤሩት ወጥ ቤት ውስጥ በአንድ ጆሮ እየሰሙ ሰሃን የሚያጥቡትን እህቶች ደግሞ አንርሳ፤ እጃቸው እርጥብ ስለሆነ ቪዲዮውን ሳይዘጉት እስከ መጨረሻ ይሄዳል።

ለመሆኑ ግንቦት 13 ቀን 1983 ዓ.ም. እርስዎ የት ነበሩ? ኮሎኔል መንግሥቱ አገር ጥለው መውጣታቸው በሬዲዮ ሲነበብ ቀስት አልነበረም፣ ክብ አልነበረም፣ «ሙሉውን እስከ መጨረሻ ተከታተሉ» የሚል አልነበረም። ሕዝቡ ግን ሰማ።

አሁን ወደ ዋናው ቅሬታ። እርስዎ ከመጡ ወዲህ የጥበብ ሰው ኃላፊነት የሚባለው ነገር ቅርጹ ጠፍቷል። አዝማሪ ማሲንቆውን ይዞ ጌታውን ሸንቆጥ ሲያደርግ ጌታው እዚያው ፊቱ ተቀምጦ ነበር፤ ሰሙን አጣጥሞ ወርቁ ሲገባው ወይ ይሸልመዋል ወይ ያስገርፈዋል። ግራዚያኒ በ1929 ዓ.ም. ጠንቋዩንና አዝማሪውን እያስለቀመ ያስገደለው በአፋቸው የሚወጣው ነገር ሰው ልብ ውስጥ እንደሚገባ ስላወቀ ነው። እነዚያ የከፈሉት በተናገሩት ነው። የዛሬው ዘፋኝ ባልበላው ዕዳ ይጠየቃል፤ ተናገረ የተባለውን የሚያውቀው ከሌላው ሰው እኩል፣ ታምኔል ላይ አይቶ ነው። አርፎ ልቀመጥ ቢልም አይሆንለትም። ድሮ «ዝም አይነቅዝም» ይባል ነበር፤ እርስዎ ያንንም አነቀዙት፣ «የአርቲስቱ ዝምታ ምስጢር ተጋለጠ» ብለው ሌላ ስምንት ደቂቃ ሠሩበት።

ዘፋኞቹን ንጹሕ በግ ለማድረግ አይደለም። ኮንሰርት ሲቃረብ «ከሙያው ራሴን አግልያለሁ» ብሎ አልቅሶ፣ በሳምንቱ የትኬት ዋጋ የሚለጥፍ አለ። እሱ እርስዎን ተከራይቶ ነው። የባሰው ግን ሌላ ነው። አዋጅ ቁጥር 1112/2011 የአልኮል ማስታወቂያን ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን ካስወጣ ወዲህ፣ ቢራ ይዞ ፈገግ ይል የነበረው ፊት የአፓርታማ ቁልፍ ይዞ ፈገግ ማለት ጀምሯል። «እኔም ከዚሁ ገዝቻለሁ» ይላል። ሰው ዕቁቡንም የወርቅ ሀብሉንም ሰብስቦ ቅድመ ክፍያውን ይከፍላል። የርክክቡ ቀን ያልፋል፣ የመሠረቱ ጉድጓድ ውኃ ይቋጥራል፣ እንቁራሪት ይገባበታል። ቀስት የሚያስፈልገው እዚህ ጋ ነበር፤ የጥበብ ሰው ሊጠየቅ የሚገባውም በዚሁ ነው፤ ውሉን አንብቦት እንደነበር፣ የግንባታ ፈቃዱን አይቶት እንደነበር፣ በእርግጥ ገዝቶ እንደነበር። እርስዎ ግን ወደዚያ ጉድጓድ አንድ ቀን እንኳ ዞረው አያውቁም። እንዴት ይዞራሉ? የሁለተኛዋ ደቂቃ ስፖንሰር እሱ ነው።

ሕግ አለ ብለን ልናስፈራራዎ አንቃጣም። የጥላቻ ንግግርና የሐሰተኛ መረጃ አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ጥፋቱ ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው ገጽ ከተፈጸመ እስከ 3 ዓመት እስራት ወይም እስከ 100,000 ብር ያስቀጣል፤ ግን ቀስት ነዎትና አንቀጽ አያገኝዎትም። ሕግ ቃል ይፈልጋል፣ እርስዎ ጣት ብቻ ነዎት።

እኛ ግን ጥቂት ነገር ለምደናል። «ውሸታሞች!» ብለን ኮሜንት መጻፍ ትተናል፤ ለዩቲዩብ ማሽን ስድብም ምስጋናም አንድ ነው፣ ሰው ተንጫጫ ብሎ ለሌላ መቶ ሰው ያሳያል። ቪዲዮውን «አልወደድኩትም» ያሉ ሰዎች ቁጥር ከኅዳር 2014 ዓ.ም. ጀምሮ ስለተደበቀ በእሱም አንደክምም። ከታምኔሉ ጎን ያሉትን ሦስት ነጥቦች ተጭነን «ይህን ቻናል አታሳየኝ» እንላለን። መግባት የግድ ከሆነብን ከታች ባለው መስመር ላይ ጣታችንን እናሳርፋለን፤ ሰው ደጋግሞ ያየው ቦታ ላይ ኮረብታ የምትመስል ግራጫ ነገር ብቅ ትላለች፣ በቀጥታ ወደዚያ እንዘላለን። የእርስዎ ቪዲዮ ላይ ኮረብታ የለም። ሜዳ ነው፣ ከዳር እስከ ዳር።

ስለዚህ በዚያ ጥቁር ቦታ ላይ ያለውን ነገር በአንድ ዐረፍተ ነገር፣ ያለ ከበሮ እንዲያሳውቁን በትሕትና እንጠይቃለን።

ከሰላምታ ጋር

ግልባጭ፦
ለቀይ ክብ፣ ባሉበት
ለጥያቄ ምልክት፣ ለጠበቃ ቢሮ
ለዘፋኙ እናት፦ እማማ፣ አያልቅሱ። ልጅዎ ደህና ነው፤ ስልኩ ቻርጅ ጨርሶ ነው።