ጀርባ ለዴልፍት

ሥዕል ሊያይ ሄዶ ለሥዕሉ ጀርባ መስጠት ከመቼ ወዲህ የመጣ ፋሽን ነው? ባለፈው ቅዳሜ ሆላንድ አገር፣ ዴን ሃግ፣ ማውሪትስሁስ ሙዚየም ውስጥ የሆላንዳዊውን ሠዓሊ የዮሃንስ ፌርሜርን «የዴልፍት ዕይታ» ላይ ብዬ ቆሜ፣ የሰው ማጅራት ሳይ ዋልኩ። ይመጣል፣ ይዞራል፣ ፈገግ ይላል፣ ይነሣል፣ ይሄዳል። ወዲያው ሌላው ይተካል። ከአዲስ አበባ የመጣው የአክስቴ ልጅም ስልኩን አቀበለኝና «ጋሼ፣ ቤተ ክርስቲያኑም እንዲገባ አድርገው ያንሡኝ» አለኝ።

ቤተ ክርስቲያኑ እኮ እዚያው ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ1660 ወይም ከ1661 ጀምሮ ንቅንቅ አላለም። ሥዕሉ ትንሽ ነገር ነው፣ ቁመቱ አንድ ሜትር ግድም። ከግማሽ በላዩን ሰማይ ወስዶታል። ከሥር ጸጥ ያለ ውሃ፣ ሁለት የከተማ በሮች፣ ቀይና ሰማያዊ ጣሪያዎች። የፊተኛው ሰፈር የደመና ጥላ አርፎበታል፤ ከኋላ ያለው የአዲሱ ቤተ ክርስቲያን ማማ ግን ፀሐይ ይሞቃል። ይህች ዴልፍት የተባለች ከተማ እ.ኤ.አ. በ1654 የባሩድ መጋዘን ፈንድቶባት ከፊሏ ወድሟል፤ ሠዓሊው ካሬል ፋብሪሲየስም በዚያው ሞቷል። ፌርሜር ስለዚህ ትንፍሽ አይልም። ማለዳ ነው፣ ሰዓቱ ሰባትን አልፏል፣ በኛ አንድ ሰዓት መሆኑ ነው።

«ስንት ያወጣል?» አለኝ የአክስቴ ልጅ። እ.ኤ.አ. በ1822 በ2,900 ጊልደር ተገዛ አልኩት። «በዶላርስ?»

ስለ ገንዘብ ከተነሣ አይቀር፣ ፌርሜር እ.ኤ.አ. በ1675 በ43 ዓመቱ ሲሞት ለሚስቱ የተወላት አሥራ አንድ ልጅና ዕዳ ነው። የዳቦ ዱቤው ብቻ ከ600 ጊልደር በላይ ነበር። ሴትዮዋ ሁለት ሥዕል ለዳቦ ጋጋሪው አስረክባ ተገላገለች። ይህን ባነበብኩ ቁጥር «ለልጄ ክርስትና» ብሎ ተበድሮኝ ዛሬ መንገድ ላይ ሲያየኝ ወደ ማዶ የሚሻገረው ወዳጄ ትዝ ይለኛል። ሥዕሉ ቀርቶብኝ ሰላምታዬን እንኳ ቢመልስ! ልጁ እኮ አሁን ጢም አብቅሏል።

ለነገሩ ፌርሜር ዕዳ ውስጥ ቢገባ አይገርምም፤ እጁ ቀርፋፋ ነበር። ዛሬ የእሱ ናቸው የሚባሉት ሥዕሎች አርባ አይሞሉም። እናቴ በሕይወት ብትኖር ግን ትወደው ነበር። «ቶሎ ቶሎ ቤት፣ ግድግዳው ሰንበሌጥ» የሚለው ተረት ከአፏ አይጠፋም ነበር፤ እኔም ከእሷ ወርሼ ለባለቤቴ፣ ለልጆቼ፣ ለቧንቧ ሠራተኛው ሳይቀር እጠቅሳለሁ። እዚህ ሥዕል ላይ ያለውን ግድግዳ ጠጋ ብላችሁ እዩት፦ ጡቡ ሻካራ ነው፣ ቀለሙ ተቆልሏል፣ በእጅ ቢነካ የሚፈረፈር ይመስላል። (አትንኩት፤ ዘበኛው ይቆጣል።)

እኛስ? ልጅ ሆኜ የሰፈራችን ፀጉር ቤት ግድግዳ ላይ የተሰቀለው የፈረንጅ አገር ፏፏቴ፣ በረዶና የእንጨት ቤት ነበር። ከበሩ ውጪ ያለውን ዳገት ማንም ለመሳል አላሰበም። ፒያሳ በ2016 ዓ.ም. ስትፈርስ ወዳጆቼ የላኩልኝን ፎቶ ሁሉ አገላበጥኩ። የአንዱ ጥርስ፣ የአንዷ መነጽር፣ ከጆሯቸው በስተጀርባ የግማሽ በረንዳ ስባሪ። በረንዳውን ለብቻው ያነሣ አንድ ሰው እንዴት ይጠፋል? ስንት ዓመት ማኪያቶ የጠጣንበት ሰፈር ነው እኮ! ዴልፍትም እነዚያን ሁለት በሮች በ19ኛው ክፍለ ዘመን አፍርሳቸዋለች፤ ግን ሳይፈርሱ በፊት ፊቱን አዙሮ ያያቸው አንድ ሰው ነበራት። ይህን ስናገር አሁንም ደሜ ይፈላል፣ ይቅርታ።

ምን ስል ነበር? አዎ፣ ጀርባ። እውነቱን ለመናገር ሥዕሉ ውስጥ ከፊት ለፊት የቆሙት ሰዎችም ከተማዋን ከቁብ የቆጠሯት አይመስሉም። ሁለቱ ሴቶች ወሬ ይዘዋል፣ የቀሩት ጀልባ ይጠብቃሉ። ሥዕሉ ሲመረመር ደግሞ ፌርሜር መጀመሪያ ከሴቶቹ በስተቀኝ አንድ ወንድ ስሎ፣ ኋላ ራሱ በቀለም እንደሸፈነው ታውቋል። ባለሙያዎቹ ለቅንብሩ ሲል ነው ይላሉ። ለእኔ ግን ሰውዬው «ቤተ ክርስቲያኑም እንዲገባ አድርገው» ብሎት መሆን አለበት።