የማከፋፈያ ጣቢያውን በር ቆልፋችሁ አትሂዱ

ሰሞኑን በተገኘሁበት የባለሙያዎች ውይይት ላይ አንድ ኃላፊ፣ የኃይል ማከፋፈያ ጣቢያዎች ከርቀት መቆጣጠሪያ ሥርዓት ጋር ከተገናኙ በኋላ በየጣቢያው በፈረቃ የሚሠሩ ኦፕሬተሮች እንደማያስፈልጉ አስረግጠው ተናገሩ። ማስረጃቸው ማሽን አይተኛም፣ አይዘናጋም የሚል ነበር። ዓመታትን በጣቢያ ፈረቃ ያሳለፍኩ ሰው ነኝና ይህን ሰምቼ ዝም ማለት አልቻልኩም።

ማሽን ይተኛል። ነሐሴ 8 ቀን 1995 ዓ.ም. በአሜሪካ ኦሃዮ ግዛት በአንድ የኃይል ኩባንያ መቆጣጠሪያ ክፍል ውስጥ የማስጠንቀቂያ ሶፍትዌሩ ማንም ሳያውቅ ሥራ አቆመ፤ ከፍተኛ ኃይል ተሸካሚ መስመሮች ከዛፍ ጋር እየተነካኩ አንድ በአንድ ሲቋረጡ ስክሪኑ ፊት የተቀመጡት ሠራተኞች ከአንድ ሰዓት በላይ አንዳች ማስጠንቀቂያ አልደረሳቸውም። በዚያው ዕለት በአሜሪካና በካናዳ 50 ሚሊዮን ያህል ሕዝብ ኃይል ተቋረጠበት።

ዋናው ጉዳዬ ግን ባትሪ ነው። ብዙ ሰው የጣቢያ ልቡ ትራንስፎርመሩ ይመስለዋል፤ ልቡ ግን ባትሪው ነው። ብልሽት ጠቋሚው ሪሌ ሾርት መፈጠሩን ለይቶ ብሬከሩን (ሲከፈት ኃይል የሚያቋርጠውን፣ ሲዘጋ የሚያገናኘውን ማብሪያ ማጥፊያ) ክፈት የሚለው፣ ብሬከሩ ትእዛዙን ተቀብሎ የሚከፈተው፣ ለርቀት መቆጣጠሪያ ማዕከሉ መረጃ የሚልከው መሣሪያም የሚሠራው በባትሪ ክፍሉ በተደረደሩት ሴሎች ኃይል ነው። በአዘቦት ቀን ቻርጀሩ ቮልቴጁን ደግፎ ስለሚይዘው፣ ከሴሎቹ አንዱ ውስጡ ቢበጠስ እንኳ በስክሪኑ ላይ የሚታየው ቁጥር ጤነኛ ሊሆን ይችላል። ጉዳቱ የሚገለጠው ከባድ ሾርት ተፈጥሮ የጣቢያው የራሱ መብራት ሲጠፋና ቻርጀሩ ሲቆም፣ ባትሪው በእርግጥ በሚፈለግባት በዚያች ቅጽበት ነው። ያኔ ሪሌዩ ይታወራል፣ ብሬከሩ እንደተዘጋ ይቀራል፣ ትራንስፎርመሩ ሾርቱን ተሸክሞ ይቃጠላል፤ መቶ ኪሎ ሜትር ርቆ ያለው ማዕከልም የሚያየው የግንኙነት መቋረጥን ብቻ ነው።

ይህን ከመጽሐፍ አላነበብኩትም። በሠራሁበት ጣቢያ ጋሼ እያልን የምንጠራቸው አንጋፋ ኦፕሬተር አንድ ሌሊት እንደ ልማዳቸው ባትሪ ክፍሉን ሲዞሩ፣ ከአንዷ ሴል አናት ላይ ነጭ ዝቃጭ አዩ፤ እጃቸውን ሲያስጠጉም ከጎረቤቶቿ ይልቅ ትሞቅ ነበር። ጠዋት ፈቃድ አግኝተን ባትሪውን በጭነት፣ ማለትም ኃይል እንዲያወጣ አድርገን፣ ስንፈትነው ቮልቴጁ ቁልቁል ወረደ። መዝገቡን ወደ ኋላ ስናገላብጥ ግን ንባቡ ለወራት ትክክል ነበር። ያንን ነጭ ዝቃጭ ያየው የሰው ዓይን ነው፤ የትኛውም የቮልቴጅ ንባብ አላመለከተውም። ለየሴሉ መከታተያ ይገጠማል የሚሉኝ ይኖራሉ። ይገጠም፤ መከታተያው ራሱ ሲበላሽ ግን ማን ሄዶ ያየዋል?

ርቀት መቆጣጠር ራሱ ለጠላትም በር መሆኑ በውይይቱ ላይ አንድም ጊዜ አልተነሣም። ታኅሣሥ 13 ቀን 2008 ዓ.ም. በዩክሬን ሰርጎ ገቦች የሦስት አከፋፋይ ኩባንያዎችን መቆጣጠሪያ ኮምፒውተሮች ከርቀት ይዘው በ30 ያህል ጣቢያዎች ብሬከሮችን ከፈቱ፤ 225 ሺህ ያህል ደንበኞች ጨለማ ውስጥ ገቡ። ሰርጎ ገቦቹ የመገናኛ መሣሪያዎቹንም ስላበላሹ ከማዕከል ሆኖ መልሶ መዝጋት አልተቻለም። ሠራተኞች ወደየጣቢያው ሄደው ብሬከሮቹን በእጃቸው ዘጉ፤ ኃይሉም በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ተመለሰ። በእጅ መዝጋት የሚያውቁ ሠራተኞች አስቀድመው ተሰናብተው ቢሆን ኖሮ ያ የብርድ ወቅት ለነዚያ ቤተሰቦች ምን ይመስል ነበር?

ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት አንድ ብሬከር ለመዝጋት መኪና ከመላክ በማዕከሉ ትእዛዝ መዝጋት እንደሚሻል አልክድም። ከዚያ ተነሥቶ ጣቢያው ሰው አያስፈልገውም ማለት ግን ድፍረት ነው፤ በተለይ መንገዱ በክረምት በሚቆረጥበትና የጥገና ቡድኑ ከተማ በሚቀመጥበት አገር። ኦፕሬተሮችን ከጣቢያ የማንሣቱ ውሳኔ ከመጽደቁ በፊት ኃላፊዎቹ የየትኛውንም ጣቢያ ባትሪ ክፍል በር ራሳቸው ከፍተው እንዲገቡ እጠይቃለሁ። እኔ የነበርኩበትን ጣቢያ ከመረጡ፣ ጋሼ ጡረታ ከወጡ ቆይተዋል፤ በቦታቸው የተተካ ሰው የለም።